ታጥቦ የተሰቀለው ጠርሙስ

በፍቃዱ ከቤተ ሙከራው ወለል ላይ ተንጋሎ ሞቶ የተገኘው በዐቢይ ጾም፣ አንድ ረቡዕ ረፋድ ላይ ነው። ከከንፈሩ አጠገብ ፒፔት የሚሉት ቀጭን የመስታወት ቱቦ ወድቋል፤ ጠረጴዛው ላይ ለምርምር የተበጠበጠ መርዝ አለ። ከፒያሳ ከፍ ብሎ ባለው በዚያ ኮሌጅ የባዮኬሚስትሪ ተማሪ ሁሉ ፈሳሽ የሚለካው ቱቦውን በአፉ እየሳበ ነው። የኮሌጁ ካድሬ ጓድ እምሩ አስከሬኑ ሳይነሣ ፈርዶ ጨርሷል።

«ምርምሩ አልሆንለት አለ፤ ተስፋ ቆረጠ፤ መርዙን ሳበ። ይኸው ነው፣ ጓድ መቶ አለቃ።»

መቶ አለቃ ገብረዮሐንስ ጎንበስ ብሎ አስከሬኑን አየ። መርማሪው ወትሮም ከአፉ ጆሮው ይቀድማል፤ አሁን ደግሞ ጆሮው ውስጥ የአንዲት እናት ድምፅ ቀርቷል። የሟቹ እናት ወይዘሮ የሺዓለም ከዶሮ ማነቂያ በባዶ እግራቸው ሮጠው መጥተው በሩ ላይ እግሩ ሥር ወድቀው ነበር።

«ጌታዬ፣ ራሱን አጠፋ ከተባለ ፍትሐት የለውም። ልጄን እንደ ውሻ አያስቀብሩብኝ!»

«ይነሡ እማማ፤ እውነቱን አገኝልዎታለሁ» ብሏቸው ነበር። ወዲያው ቆጨው። እውነት ማግኘት አቅቶት አያውቅም፤ ያገኘው እውነት ሰው ሲጠቅም ግን ብዙ አላየም።

የሟቹን መምህርት ዶክተር አክበረትን ወደ ጥግ ወሰዳት።

«ለመመረቅ ምን ቀረው?»

«ኮርሱን ሁሉ አልፏል፤ የፖለቲካ ትምህርቱንም ጭምር። የመመረቂያ ምርምሩ ብቻ ነበር የቀረው። ሁለት ሁለት ሆነው ነው የሚሠሩት፤ የእሱ ጓደኛ ገዛኸኝ ነው።»

«ሥራው ቢወድቅስ?»

«ይባረራሉ።» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «የተባረረ ወንድ ልጅ ደግሞ የት እንደሚወሰድ ያውቃሉ።»

ያውቃል። ወደ ሰሜን ግንባር ከተጫነ የሰፈሩ ልጅ የተመለሰው ጥቂት ነው።

«ሲለካ ሁልጊዜ በአፉ ነው የሚስበው?»

«ሁሉም እንደዚያ ናቸው። ብቻ ሰሞኑን በዚህች የጎማ መሳቢያ መጠቀም ጀምሮ ነበር። መርዙን ፈርቶ መስሎኝ ደስ አለኝ።»

ገዛኸኝ ከውጭ ደረጃው ላይ ተቀምጦ ዓይኑ እስኪያብጥ ያለቅሳል። ልቅሶው የእውነት ነበር፤ መርማሪውን ያስቸገረውም ይኸው ነው።

«ይጾም ነበር?» አለው።

«በፍቃዱ? ኧረ ጾም የሚባል አያውቅም!» ብሎ በር ላይ ወደ ቆመው ካድሬ ሰረቅ አድርጎ አየ።

ጾመኛን ካድሬ ፊት ማጋለጥ ነውር ነውና ውሸቱ የወዳጅ ውሸት ሊሆን ይችላል። ገብረዮሐንስ ወደ ውስጥ ተመለሰ፤ የሟቹን ጋዋን ኪስ ፈተሸ፤ ከመታጠቢያው በላይ ዕቃ የሚደርቅበትን ባለ ችንካር ሰሌዳም ቆሞ ተመለከተ። ከዚያ እናትየውን ለብቻቸው አነጋገረ፤ በመጨረሻም ሁሉንም ቤተ ሙከራው ውስጥ ሰበሰበ።

«በፍቃዱ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይጾም ነበር» ሲል ጀመረ። «እናንተን ካድሬዎቹን ፈርቶ በምስጢር። ቱቦ በአፉ እንዳይነካ ነው ጎማውን የያዘው። ስለዚህ ከንፈሩ አጠገብ ቱቦውን ያስቀመጠው ሌላ ሰው ነው።»

«ታዲያ መርዙ በምን ገባ?» አለ ጓድ እምሩ።

«በጸበል። ጾም አያስፈታምና ጠዋት ሥራ ሳይጀምር አንድ ጉንጭ ይጠጣል። እናቱ ከጊዮርጊስ ቀድተው በሽሮፕ ጠርሙስ ይሰጡታል። ኪሱ ውስጥ ግን የለም።» ወደ ችንካሩ አመለከተ። ከብልቃጦቹ መካከል አንዲት ቡናማ ጠርሙስ ተደፍታ ተሰቅላለች።

«የኔ ናት!» አሉ ወይዘሮ የሺዓለም። «ወረቀቷን በጥፍሬ የላጥኩት እኔ ነኝ።»

«ሌላ ሰው ቢሆን ሰብሮ ይጥላት ነበር። ይህ ሰው ግን አለቅልቆ ሰቀላት። አራት ዓመት ‹ዕቃ ሳታጥቡ እንዳትወጡ› እየተባለ የኖረ እጅ ነው፤ ባለቤቱ ሳያስብ ሠራው።»

«እኔም እንደዚያው አደርጋለሁ» አለች ዶክተር አክበረት።

«እርስዎ ቢሆኑ የጎማውን ነገር አይነግሩኝም ነበር። ጸበሉንም አያውቁም። የሚያውቀው ከእማማ መሶብ የሚቆርስ ሰው ብቻ ነው።»

ወይዘሮ የሺዓለም ቀስ ብለው ዞሩ። «ገዛኸኝ… ትናንት አብረኸን አልበላህም? ጸበሉን ስሞላ አጠገቤ አልነበርክም?»

ልጁ ግድግዳውን ታኮ ወደ መሬት ወረደ።

«ሙከራው እምቢ ሲለን ቁጥሩን ከልባችን ፈጥረን ጻፍን። ከዚያ በፍቃዱ ‹ሕሊናዬ አልቻለም፣ ለዶክተር እናገራለሁ› አለኝ። ወንድሜ ግንባር ቀርቷል፣ እማማ። ፈራሁ።»

ዶክተር አክበረት ፊቷን በእጇ ሸፈነች። «ትናንት ነግሮኛል። ‹የፈጠርኩት እኔ ብቻዬን ነኝ፤ ገዛኸኝ አያውቅም› ነው ያለኝ። አንተን አዲስ ሙከራ ላሠራህ ወስኜ ነበር። ዛሬ ልነግርህ ነበር።»

ገዛኸኝ እንደ ሕፃን ጮኸ። ማንም አላባበለውም።

«በቃ!» አለ ጓድ እምሩ። «ለሜይዴይ በዓል በምንዘጋጅበት ኮሌጅ ነፍሰ ገዳይ አይገኝም። ሟች ራሱን አጠፋ፤ ይኼኛው ነገ ግንባር ይሄዳል። መዝገቡን ዝጋው፣ ጓድ።»

የፈሩት ይደርሳል ማለት ይህ ነው። ገብረዮሐንስ አፉን ከፈተ፤ ቤት ያሉትን የራሱን ልጆች አሰበ፤ ዘጋው። በሕይወቱ እንደዚያ ቀን አፍሮ አያውቅም።

ከወይዘሮ የሺዓለም ጋር በምኒልክ አደባባይ አድርገው ወደ ጊዮርጊስ ወረዱ። ቄሱ በዐጸዱ በር ላይ አገኟቸው።

«ልጁ ራሱን አላጠፋም፣ አባ» አለ መቶ አለቃው።

«እንግዲያው ይህንኑ በማኅተም ጽፈው ይስጡኝ» አሉ ቄሱ፤ ግራ ቀኝ እያዩ። «ያለዚያ እኛንም አያስቀምጡን።»

«መዝገቡ ተዘግቷል» አለ ገብረዮሐንስ፤ መሬት መሬት እያየ። ቄሱ በሩን ገርበብ አድርገው ገቡ።

ወይዘሮ የሺዓለም ባዶዋን ጠርሙስ ነጠላቸው ጫፍ ላይ ቋጥረዋታል። አላለቀሱም።

«እውነቱን አገኝልዎታለሁ አሉኝ፤ አገኙልኝ» አሉት። «ምን ላድርገው፣ ልጄ?»