የወንዙ መብራት ሠራተኛ አሟሟት

መርማሪው ፖሊሶች ይዞ ሲደርስ አስከሬኑ ገና ከምሰሶው ሥር ነበር። የሟቹ ሚስት አጠገቡ መሬት ላይ ተቀምጣለች፤ ሰዎቹ ከበዋታል፣ ለማጽናናት ግን አልነበረም።

«እሷ ናት! የውሃውን ቤት የምትጠብቅ እሷ፣ መብራቱን የለቀቀችበት እሷ!» አለ የወፍጮው ባለቤት። «ዛሬውኑ ቁልፉን ታስረክብና ይዘዋት ይሂዱ።»

መርማሪውን ባልደረቦቹ «ጥርጣሬ» ይሉታል። አንድ ላይ የሚጮህ ሕዝብን አምኖ አያውቅም።

ነገሩ እንዲህ ነው። መንደሩ በማኅበር ከወንዙ መብራት ያወጣል። መስመሩ መብራቱ ከሚመነጭበት ከውሃው ቤት ተነስቶ በወፍጮ ቤቱና በልብስ ሰፊዋ ደጅ ያልፍና ሟቹ የሞተበት ምሰሶ ጋ ይደርሳል፤ ከዚያ ቁልቁል ወርዶ ፀጉር አስተካካዩን ያገኝና አናጺ ቤቱ ጋ ያበቃል። ጠዋት ሽቦው ምሰሶው ላይ ተበጥሶ ተገኘ። ሟቹ ውሃው ቤት ገብቶ መብራቱን አጠፋ፤ በደንባቸው መሠረት የማብሪያውን እጀታ ነቅሎ ወገቡ ላይ ሻጠና ሊቀጥለው ወጣ። ሰው ምሰሶ ላይ ሳለ ማንም እንዳያበራ ያወጡት ደንብ ነው። እጀታው አሁንም ወገቡ ላይ አለ።

«ማብሪያውን በፒንሳም ማዞር ይቻላል» አለ የማኅበሩ ሰብሳቢ በዝግታ። ሙያው አናጺነት ነው። «እኔ እንኳ እሷን መክሰስ አልወድም ጌታዬ። ግን ሌላ ማን አለ? ሽቦው መበጠሱን አይቼ እሱን የጠራሁት እኔ ነኝ፤ ጸጸቱ ይበላኛል።»

ጥርጣሬ ወደ ሴትየዋ ጎንበስ አለ። «እህቴ፣ ከባልሽ ጋር ተጣልታችሁ ነበር?»

«ተጣልተናል።»

«ሰማችሁ?» አለ አንዱ።

«በምን?»

«ማሽን ያለው ሁሉ በተራ ነው የሚያሠራው። ተራ የሚሰርቅ አለ፣ በስብሰባ ላይ አወጣዋለሁ አለኝ። ልጆች አሉን፣ ጠላት አታፍራብን አልኩት። ስሙን ንገረኝ ብለው ደግሞ እምቢ አለ።»

«የወፍጮው ነዋ!» አለ ከኋላ የቆመ።

«እኔ ጄኔሬተር አለኝ! የእናንተ ተራ ምን ሊረባኝ?» ብሎ የወፍጮው ባለቤት ዞረበት። «ሰብሳቢውም አለው፤ እሱን ለምን አትለውም?»

«የእኔው ከተበላሸ ሰነበተ» አለ ሰብሳቢው።

ጥርጣሬ ቁልቁል ወርዶ ፀጉር አስተካካዩ ቤት ገባ።

«መብራት የለም፣ ቁጭ ብያለሁ» አለ ፀጉር አስተካካዩ። «መላጫ ማሽኑ እንደተሰካ ነው። ድንገት ዝዝዝ ብሎ ጠረጴዛው ላይ መዝለል ጀመረ! ወዲያው ውጭ ጩኸት ሰማሁ።»

ከዚያ ሽቅብ ልብስ ሰፊዋ ዘንድ ሄደ።

«ካውያዬን ሰክቼ፣ አምፖሌን ከፍቼ ስጠብቅ ነው የዋልኩት» አለችው። «ብልጭ እንኳ አላለም። ለእሷ አግዛ ነው ብለህ እንዳትይዘኝ ደግሞ! እኔና እሷ ከተኳረፍን ቆይተናል።»

ጥርጣሬ መሰላል አስመጥቶ የሽቦውን ጫፍ ተመለከተ፤ አናጺ ቤቱን ፈተሸ። ከዚያ ሁሉንም ምሰሶው ሥር ሰበሰባቸው።

«መብራቱን ከውሃው ቤት ለቀቀች አላችሁ። እሺ፤ ከውሃው ቤት የመጣ መብራት መጀመሪያ የሚያገኘው ማንን ነው?»

«ወፍጮውን፣ ቀጥሎ እኔን» አለች ልብስ ሰፊዋ።

«አንቺ ቤት ግን አልበራም። ሽቦው ደግሞ እዚህ ምሰሶ ላይ ለሁለት ተከፍሎ ነበር፤ ከላይ የመጣ ወደ ታች መሻገር አይችልም። ፀጉር አስተካካዩ ቤት የገባው መብራት ከየት መጣ?»

ሕዝቡ ቀስ ብሎ ቁልቁል ተመለከተ።

«ከታች» አለ ጥርጣሬ። «ስለዚህ እሷም ነፃ ናት፣ የወፍጮው ባለቤትም። ከምሰሶው በታች ጄኔሬተር ያለው አንድ ሰው ብቻ ነው። ተበላሸ ያለው ጄኔሬተር ስነካው ትኩስ ነበር። ሟቹ ጄኔሬተሩና መስመሩ እንዳይገናኙ የገጠመውን መለያ አልፎ፣ ሁለቱን የሚያገናኝ አዲስ ሽቦ ተስቧል።»

«ስህተት ይሆናል!» አለ ሰብሳቢው። «ሰው መውጣቱን መች አወቅሁ?»

«የጠሩት እርስዎ አይደሉም? ሽቦውም አልተበጠሰም፤ ጫፉ እኩል ነው፣ በመቁረጫ ተቆርጧል። ቆርጠው ጠሩት። እጀታው ወገቡ ላይ ነውና ተማምኖ ወጣ፤ ያኔ ጄኔሬተሩን አስነሱት። ተራ ሰራቂው እርስዎ ነዎት።»

የሰብሳቢው ፊት ተለወጠ። «ይህን መብራት ያመጣሁላችሁ እኔ ነኝ! ማን ደጅ ጠና? ማን ተንከራተተ? ለገዛ መጋዜ ተራ ልለምን? ያ ምናምንቴ በሕዝብ ፊት ሊያዋርደኝ?»

ፖሊሶቹ ወሰዱት።

የወፍጮው ባለቤት ጉሮሮውን ጠረገ። «እቴ… ሊመሽ ነው። ውሃውን ብትለቂልን?»

ሴትየዋ ተነሳች። «እቴ አትበለኝ። ባሌን እቀብራለሁ። ከዚያ ስብሰባ ይጠራና ሰብሳቢ ይመረጣል። እስከዚያ በዚህ መንደር አንድ አምፖል አይበራም።»

የወፍጮው ባለቤት ቃሬዛ ፍለጋ ሄደ።