ብርዱ ሲለቅ የመጣው አናጺ

በሩ ሲንኳኳ ከንፈሮቼ መሃል ስፒል ነክሼ፣ በአንድ እጄ የደንበኛ ቀሚስ ጫፍ ይዤ ነበር። ልብስ ሰፊ ነኝ፤ የምሠራውም ቤቴ ውስጥ ነው። ብርዱ ለቀቅ ሲያደርግ ሴቱ ሁሉ የአምናውን ስስ ቀሚስ ከሻንጣ አውጥቶ «አስፊልኝ»፣ «አሳጥሪልኝ» እያለ ስለሚመጣ፣ በዚያ ሰሞን ቀና የምልበት ጊዜ አልነበረኝም።

በሩን ስከፍት አንድ ረጅም ቀጭን ሰው የመሣሪያ ሳጥን ይዞ ቆሟል።

«ጤና ይስጥልኝ... መስኮት አልከፈት አለ ብለው ያስጠሩኝ እርስዎ ነዎት?»

ስፒሉን እንዳልውጠው ፈርቼ ራሴን ነቀነቅኩ። ከዚያ በእጄ የአባዬን ክፍል አሳየሁት። የሰውየው ፊት ወዲያው በርኅራኄ ተሞላ። ሳጥኑን አስቀመጠና በሁለት እጁ አየር ላይ መስኮት ሣለልኝ። ገፋ፣ ሳበ፣ ከዚያ ቅንድቡን ከፍ አድርጎ በምልክት «የትኛው?» አለኝ።

መጀመሪያ ግራ ገባኝ። ነገሩ ሲገባኝ ስፒሉን ከአፌ አወጣሁ።

«ዲዳ አይደለሁም!»

«ውይ! ይቅርታ... እኔ እኮ...»

«አፌ ውስጥ ስፒል ስለነበር ነው!»

«አየሁ... ማለቴ፣ አሁን አየሁ።» ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ አለ።

ከውስጥ የአባዬ ሳቅ ተሰማ። እኔም ባለሁበት ደርቄ ቀረሁ። አባዬ ከታመመ ወዲህ ሲስቅ ሰምቼው አላውቅም ነበር።

አባዬ ዕድሜውን ሙሉ የከተማ አውቶቡስ ሲነዳ የኖረ ሰው ነው። አንድ ጠዋት ድንገት ግራ ጎኑ ሰነፈበት። ከሆስፒታል ሲወጣ ሐኪሙ «በዱላ መራመድ ይችላሉ፣ ብቻ ይሞክሩ» ብሎት ነበር። አባዬ ግን አልጋው ላይ ወጣና እዚያው ቀረ። እናቴ ካረፈች ቆይታለች፤ እህት ወንድም የለኝም። ማጠቡም፣ ማብላቱም፣ ማጫወቱም የእኔ ነው። ሠላሳዎቹን አጋምሻለሁ። ያገኘኝ ሁሉ «አንቺ ልጅ፣ መቼ ነው?» ይለኛል። እኔም «አባዬ ይሻለው» እላለሁ። ትቼው ብሄድ ማን ይጠብቀዋል?

አናጺው የመስኮቱን ጠርዝ በጣቱ ዳሰሰ።

«ዝናቡ እንጨቱን አሳብጦታል። ከላይ ደግሞ ቀለም በቀለም ላይ ተደርቦበታል።»

በስለት ቀለሙን ሰነጠቀው፤ ጠርዙን በመላጊያ ላገው። ከዚያ በትከሻው ገፋ ሲያደርገው መስኮቱ አቃስቶ ተከፈተ። ሞቅ ያለ አየር ገባ፤ የጎረቤት ልጆች ጫጫታና የልብስ ሳሙና ሽታም አብሮት ገባ። አባዬ ዓይኑን ጨፍኖ በረጅሙ ተነፈሰ።

«አንተ ልጅ፣ ማን ይሉሃል?»

ስሙን ነገረው።

«እኔ ግን ምስማር ነው የምልህ። ቀጥ ያልክ ነህ፤ ጭንቅላትህ ደግሞ ትንሽ ናት።»

«አባዬ!» አልኩ በሃፍረት።

አናጺው ሳቀ። «ምስማር ይሁን፣ አባባ። ብቻ በመዶሻ እንዳይሉኝ!»

ከዚያን ቀን በኋላ ቤታችን ሁሉ ነገሩ ይበላሽ ጀመር።

«ረዳቴ!» ይለኛል አባዬ፣ ዱሮ አውቶቡሱ ላይ ረዳቱን ይጠራ እንደነበረው። «ይሄ በር እኮ ይጮሃል። ምስማርን ጥሪው።»

በሩ እኔ ከመወለዴ በፊትም ይጮህ ነበር። ከእሱ ቀጥሎ መደርደሪያው ተንጋደደ፣ ከዚያ የአልጋው እግር ላላ። አናጺው በተጠራ ቁጥር ይመጣል፤ አንዱን ጠግኖ ከአባዬ ጋር ሲያወራ ይቆያል። የትኛው መንገድ እንደሚጨናነቅ፣ የትኛው ሾፌር ፍሬን እንደማይችል...

ሙቀቱም ቀን በቀን እየገባ መጣ። ወፍራሙን መጋረጃ አውርጄ ስሱን ሰቀልኩ። የጓሮውን በር ከፍቼ መዋል ጀመርኩ። ሳይታወቀኝ ደግሞ እሱ የሚመጣ ቀን መስታወት ፊት የምቆምበት ጊዜ ረዘም አለ።

«እርስዎ ቁጭ ይበሉ፣ ሻይ ላምጣ» እለዋለሁ።

«ኧረ እርስዎ አይድከሙ» ይለኛል።

«እናንተ ሰዎች!» ይላል አባዬ ትራሱ ላይ ቀና ብሎ። «ሁለታችሁ ተደምራችሁ እኔን አታክሉም። ምን እርስዎ እርስዎ ትባባላላችሁ!»

እኛ ግን ደፍረን አልተውነውም።

አንድ ቅዳሜ ብርድ ልብሶቹን ሁሉ ጓሮ አውጥቼ አጥብ ነበር። ብርድ ልብስ ውሃ ከጠጣ በኋላ ለብቻ አይቻልም። ከአንዱ ጋር ስታገል አናጺው ከአባዬ ክፍል ወጣ፤ አየኝና እጅጌውን ጠቀለለ።

«በዚያ ጫፍ ይያዙልኝ። እኔ ወደ ቀኝ፣ እርስዎ ወደ ግራ።»

ፊት ለፊት ቆመን አዞርን፣ አዞርን... ጠብ የሚል ውሃ የለም! ብርድ ልብሱ መሃላችን ዝም ብሎ ይሽከረከራል።

«አንድ አቅጣጫ እያዞርን ነው እኮ!» አልኩት።

ቆም ብሎ አሰበ። «ለካ ሁለታችንም ወደ ቀኝ ማዞር ነበረብን!»

«ቀኝና ግራ የጠፋው ሰው ነው በር የሚገጥመው?»

ሳቃችን እስኪያልፍ ብርድ ልብሱን መያዝ አቃተን። ከዚያ እንደገና ጀመርን። ውሃው እግራችን ላይ ይወርዳል። ብርድ ልብሱ በተጠመዘዘ ቁጥር ያጥራል፤ ባጠረ ቁጥር እኛ እንቀራረባለን። በመጨረሻ ጣቶቹ ጣቶቼን ነኩ።

«በቃው... ተጨምቋል» አለ ቀስ ብሎ።

ውሃው ገና ይንጠባጠብ ነበር። አንዳችንም አልለቀቅንም።

ከአልጋው ላይ አባዬ ሳል አድርጎ ሲጣራ ነው የባነንነው።

በማግስቱም በሳልስቱም ልቤ ቦታው አልነበረም። ቀሚስ ገልብጬ ሰፍቼ መልሼ ፈታሁ። «ዛሬ ይነግረኛል፣ ዛሬ አንድ ነገር ይለኛል» እያልኩ እጠብቃለሁ።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ ለደንበኛ ቀሚስ አድርሼ ስመለስ፣ ከተከፈተው መስኮት የአባዬን ድምፅ ሰማሁ። እንደዚያ ሲርበተበት ሰምቼው አላውቅም።

«ስለ እሷ ነው የምለምንህ። እንደምታየው አልጋ ላይ የቀረሁ ሰው ነኝ። እባክህ እምቢ አትበለኝ...»

 ከዚያ አናጺው ተናገረ።

«እሺ አባባ። ለእርስዎ ስል።»

 አባቴ ልጄን ውሰድልኝ ብሎ ሰው ለመነ? ይሄም ሰው በይሉኝታ እሺ አለ? ያ ሁሉ መመላለስ፣ ያ ሁሉ ሳቅ... ለታመመ ሽማግሌ ታዝኖ ኖሯል!

አናጺው አንገቱን ደፍቶ ወጣ። በሩ ላይ ተገጣጠምን።

«ተለምነህ ነው፣ አይደል?» አልኩት። አንተ ያልኩት ለመጀመሪያ ጊዜ ነው፤ ያውም በንዴት።

ደነገጠ። «ሰምተሻል?»

«ሰምቻለሁ! ለአባቴ አዝነህ ለእኔ ውለታ እንድትውል አልፈልግም። እዚህ ቤት የሚጠገን ነገር የለም። ሁለተኛ እንዳትመጣ!»

አፉን ከፈተ። ወደ መስኮቱ ዞሮ አየና አፉን መልሶ ዘጋ።

«እሺ» አለኝ።

እሺ! ይከራከረኛል ብዬ ነበር እኮ። ሳጥኑን አንስቶ ሄደ።

ከዚያ በኋላ ቤቱ ዝም አለ። በዓመቱ ምርጥ የሆነው አየር የመጣው ያኔ ነው፤ ጎረቤቱ ሁሉ ደጅ ወጥቶ ይጫወታል። እኛ ቤት ግን የስፌት ማሽኔ ድምፅ ብቻ ነው። አባዬ ረዳቴ ማለቱን ተወ። ምንም ነገር ተበላሸ አላለኝም። አንድ ቀን ምሳ ሰዓት ላይ ሾርባ ሳቀርብለት ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ።

«ሙቀቱ ነው እንዴ አልበላ ያለህ?»

«ሙቀቱ አይደለም። ቁጭ በይ።»

አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ።

«ያ ልጅ የዚያን ቀን የመጣው አንቺን ሊጠይቀኝ ነበር» አለ።

«ተወው አባዬ። ስትለምነው ሰምቻለሁ።»

«ለምኜዋለሁ፣ አዎ። አትምጣብን ብዬ!»

ማንኪያው ከእጄ ወደቀ።

«ልጅዎን እወዳታለሁ፣ ቢፈቅዱልኝ ልጠይቃት አለኝ። እኔ ደግሞ... ፈራሁ። እሷ ከሄደች ውሃ ማን ያቀብለኛል? ብጣራ ማን አቤት ይለኛል? አልኩ። አልቅሼ ተዋት አልኩት። እሱም ለእኔ ሲል ተወሽ።»

«እኔን ሳትጠይቀኝ?»

«አንቺን ብጠይቅሽማ እሺ ነበር የምትይኝ። ሁልጊዜ እሺ ነው የምትይኝ።» እንባው ትራሱ ላይ ወረደ። «ይኸው ነው ያሳፈረኝ።»

ተነስቼ ወጥ ቤት ገባሁ። ንጹሑን ሳህን ሁሉ እያነሳሁ አጠብኩ። ተናድጄበታለሁ፣ አንጀቴንም በልቶታል፤ የትኛው እንደሚበልጥ አላወቅኩም። ስመለስ እንዳለ ነው።

«መቼ ነው ትቼህ እሄዳለሁ ያልኩህ?»

«እናትሽም አላለችኝም ነበር» አለ።

ከዚያ በኋላ ልቆጣው አልቻልኩም። እጁን ያዝኩት። ጥቂት ቆይቶ እጁን አስለቀቀና ወደ በሩ ጠቆመኝ።

«ሂጂ። ሾርባውን ራሴ እጠጣለሁ፤ አንድ እጅ እኮ ደህና ነው።»

የአናጺው ሱቅ ከኛ ቤት ኋላ ባለው መንገድ ላይ ነው። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል። እሱ ሰጋቱራ ውስጥ ቆሞ በር ይላጋል። ሲያየኝ መላጊያው ቆመ።

«ለምን አልነገርከኝም?» አልኩት።

«አባባ ነገሩሽ?»

«ነገረኝ። አንተ ግን ሳባርርህ እንኳ ዝም አልክ።»

«ምን ልበልሽ? አባትሽ ናቸው የከለከሉኝ ልበልሽ? ከዚያ በኋላ እሳቸውን በምን ዓይን ታዪያቸዋለሽ?»

 «አዝነህልኝ መስሎኝ ነበር...»

«አዝኜልሽ?» ግራ ገብቶት ሳቀ። «ያንን የሚጮህ በር በአንድ ጠብታ ዘይት ዝም ላሰኘው እችል ነበር። ስንቴ እንደተመላለስኩ አታውቂም?»

እኔም ሳቅኩ፣ ግን እንባዬ ቀደመኝ።

«አባቴን ትቼ አልሄድም። ይሄንን ዕወቅ።»

«ማን ተዪ አለሽ? እኔ ከዚህ ሱቅ ጀርባ ባለች አንዲት ክፍል ብቻዬን የምበላ ሰው ነኝ። እኔንም ጨምሩኝ ልላቸው ነበር። ሳልጨርስ አለቀሱብኝ።»

 ሰጋቱራው በፀሐዩ ውስጥ ይበናል።

«እንደምትወደኝ እንኳ ከአባዬ አፍ ነው የሰማሁት» አልኩት።

መላጊያውን አስቀመጠ። ወደ እኔ መጣ።

«እወድሻለሁ።»

«አልሰማሁም...»

«እወድሻለሁ!»

«እኛ ሰምተናል!» አለ ከጎን ያለው ጫማ ሰፊ።

ቤት ስደርስ አባዬ ሾርባውን ጨርሶ፣ ግማሹን ሸሚዙ ላይ አፍስሶ ጠበቀኝ። ፊቴን አይቶ ምንም አልጠየቀኝም። «እሁድ ይምጣ» ብቻ አለኝ።

እሁድ ጠዋት ነጩን ሸሚዙን አስተኩሶ ለበሰ። ከዚያ «ዱላዬን አምጪ» አለ።

ዱላው ከሆስፒታል ከመጣ ጀምሮ ከቁም ሳጥኑ ጀርባ ነበር። አቧራውን ጠርጌ ሰጠሁት። ተነሳ፤ ተንገዳገደ። ልደግፈው ስጠጋ «ተይኝ!» አለ፣ ወዲያው ደግሞ «ግን አትራቂ» አለኝ። ግድግዳውን እየያዘ፣ እየቆመ፣ እያላበው ጓሮ ደረሰ። ፀሐዩ ላይ ያወጣሁለት ወንበር ላይ ሲቀመጥ እንደ ሕፃን ዙሪያውን ያይ ነበር። አናጺው በጓሮው በር ሲገባ አባዬን ደጅ ተቀምጦ አየውና ደንግጦ ቆመ።

«ምስማር፣ ና ቅረብ። ያን ቀን የጠየቅከኝን እንደገና ጠይቀኝ። ጆሮዬ አልሰማም ነበር።»

አናጺው መዳፉን በሱሪው ጠረገ። «አባባ... ልጅዎን...»

«እንዳትጨርሰው!» አለ አባዬ ዱላውን አንስቶ።  «እኔን ምን ትጠይቀኛለህ? ይቻትና እኮ! እሷን ጠይቃት። ያኔም እንዲህ ማለት ነበረብኝ።»

አናጺው ወደ እኔ ዞረ። «ታገቢ...»

«አገባሃለሁ!»

«ኧረ ትንሽ እንኳ አስቢ!» አለ አባዬ፤ ሲያለቅስ ይሁን ሲስቅ አልለየሁም።

ሠርጋችን እዚያው ጓሮ ውስጥ፣ ጎረቤትና ደንበኞቼ ባሉበት ተደረገ። ቀሚሴን ራሴ ሰፋሁ። ባሌም ልብሱንና መሣሪያውን ይዞ እኛ ቤት ገባ። አሁን ጠዋት ጠዋት አባዬን ያላብሰዋል፣ ጢሙን ይላጨዋል፣ ሁለቱ ሲነታረኩ ነው ከእንቅልፌ የምነሳው።

አሁን ሙቀቱ በርትቷል። ትናንት ምሳ አቅርቤ ብጠብቅ ሰው የለም። ብጣራ አቤት የሚለኝ ጠፋ። ሱቁ ድረስ ሄድኩ። አባዬ በሩ ላይ ወንበር ዘርግቶ፣ ዱላውን ጭኑ ላይ አጋድሞ ደንበኛ ያስተናግዳል። በዱላው ቀስ እያለ እዚያ መዋል ከጀመረ ሰንብቷል። ባሌ ከውስጥ እየላገ ይስቃል።

«እናንተ! ብቻዬን ጥላችሁኝ?» አልኩ።

«ማን ቅሪ አለሽ?» አለ አባዬ። «ማሽንሽን ይዘሽ ነይ፤ ቦታ ሞልቷል።»

«ምሳው ይቀዘቅዛል እኮ!»

«በዚህ ሙቀት?» አለ ባሌ።

ሦስታችንም ሳቅን። ባሌ አጠገቡ ያለውን አግዳሚ በክንዱ ጠረገልኝ፤ ሄጄ ተቀመጥኩ።