ሃያ ስድስት አባቶች

ኸውላ ከሊፋ ያን ወጣት ለመጀመሪያ ጊዜ ያየችው እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2020 ሚያዝያ፣ አሜሪካ፣ ኮሎምበስ ከተማ፣ ኖርዝላንድ ሠፈር በሚገኘው የአባቷ ሐላል ግሮሰሪ ውስጥ፣ ሰው ሁሉ እንደ እሳት ሲሸሸው ነው። ቻይናዊ ነበር። ሰልፉ ከፊቱም ከኋላውም ተከፍሎ ብቻውን አቁሞት ነበር።

«በሽታውን ያመጡት እነሱ፤ ደግሞ ምን ሊገዛ መጣ?» አሉ አንድ ደንበኛ በአማርኛ፣ ድምፃቸውን ሳይቀንሱ።

ወጣቱ ቃሉን ባይረዳም የዞረበትን ጀርባ ሁሉ ተረድቷል። ኸውላ ከገንዘብ መቀበያው ኋላ ቀና አለች።

«ጋሼ፣ ማስኩን በአግባቡ ያደረገው እሱ ነው። እርስዎ አገጭዎ ላይ አንጠልጥለውታል።»

ሰውየው ማስካቸውን ወደ አፍንጫቸው ሳቡ። ወጣቱ አንድ ፓኬት ሽሮ ገዝቶ ወጣ፤ በሩ ላይ ሲደርስ ዞሮ አያት። ከማስኩ በላይ የሚታዩት ዓይኖቹ ብቻ ነበሩ፤ እነርሱም በቁ።

በሳምንቱ ተመለሰ።

«ዱቄቱ ግሩም ነው» አላት። «ከኑድል ጋር ቀቀልኩት።»

«ሽሮን ከኑድል ጋር? አላህ ይቅር ይበልህ!»

ስሙ ቼንግ ዩአን ይባል ነበር። ኮሎምበስ የመጣው የቆዩ ቤቶችን አሠራር ለማጥናት ሲሆን፣ የመመረቂያ ጽሑፉም ስለ ተወለደበት የገጠር መንደር ነባር የቤተ ዘመድ ቤቶች ነበር። ድንበር በመዘጋቱ ሄዶ መለካት ስላልቻለ፣ አሳደጊው አጎቱ ቅዳሜ ቅዳሜ በእርሱ ፈንታ ስልክና ሜትር ይዘው በየቤቱ ይገቡ ነበር። በዚህ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ በዚያ ይነጋል። ኸውላና ዩአን በሞርስ ሮድ ፓርኪንግ መኪኖቻቸውን ጎን ለጎን አቁመው፣ መስኮት ለመስኮት ሆነው፣ በቪዲዮ ጥሪ መንደሩን አብረው መጎብኘት ጀመሩ።

ግድግዳዎቹ ነጫጭ፣ እጅግ ረጃጅምና ወደ ውጭ መስኮት አልባ ናቸው። ውስጣቸው ግን ለሰማይ የተከፈተ ግቢ አለ፤ አራቱም ጣሪያዎች ጥቁር ሸክላቸውን ወደ እርሱ አዘንብለዋል።

«ዝናቡ ቤት ውስጥ ይገባል?» አለች።

«ሆን ተብሎ ነው። የሰማይ ሲሳይ ከግቢ እንዳይወጣ።»

«የእኛ ሰው ጣሪያው ሲያፈስ ከአናጢው ጋር ይካሰሳል፤ የእናንተ እንዲያፈስ ብሎ ይገነባል!»

አንድ ቅዳሜ አጎትየው ጠባቡን የእንጨት ደረጃ ወጥተው ከፎቁ ላይ የተቀረጸ የእንጨት ፍርግርግ አሳዩ። ዩአን ድምፁን ዝቅ አደረገ። የመንደሩ ነጋዴዎች ባገቡ በወራቸው ወደ ሩቅ ከተማ ይሄዱ እንደነበር፣ ሙሽሮቻቸውም በዚያ ፍርግርግ በኩል ግቢውን እያዩ እንዳረጁ ነገራት። ኸውላ ፍርግርጉን ለማየት በመስኮቷ አንገቷን አሰገገች። እርሱም አላስቸኮላትም። በሁለቱ መኪኖች መካከል ያለው ክፍተት አንድ ክንድ አይሞላም ነበር።

«ለእኔ ብለህ ሃይማኖት እንዳትለውጥ» አለችው ከወራት በኋላ። እርሱም ለወራት ከሸህ አብዱረሂም ዘንድ በዙም ተማረ። በ2021 የጸደይ ወራት ሸሃዳ ይዞ ሲሰልም ኸውላ በቦታው እንዳትገኝ ራሱ ለመናት፤ ሰው በእርሷ ምክንያት ነው እንዳይል። ዩኑስ ተባለ።

ሸህ አብዱረሂም የኸውላ አባት የጋሼ ከሊፋ የሠላሳ ዓመት ወዳጅ ናቸው። ለዩኑስ ሽማግሌ ሆነው ሲሄዱ ነገሩ ያለቀ መስሏቸው ነበር። ጋሼ ከሊፋ ግን ወንበራቸው ላይ ተስተካክለው ተቀመጡ። በወሎ ስሙ የተጠራ የባላባት ዘር መሆናቸውን በኮሎምበስ ያልሰማ አልነበረም።

«በእኛ ወግ ልጅ የሚጠይቅ ሰባት አባቶቹን ይቆጥራል» አሉ። «ቤቱም ይታያል።»

«ከሊፋ፣ ሰባት ቤት የሚቆጠረው ዘመድ ከዘመድ እንዳይጋባ ነው። ቻይና ዘመድ አለህ እንዴ?»

«ዘሩን የማያውቅ ሰው ልጄን አይወስድም።»

እናም በሰኔ፣ በአንድ ብሩህ የቅዳሜ አመሻሽ፣ ቤተሰቡ በሳሎን ተሰበሰበ። የዩኑስ ስልክ ከቴሌቪዥኑ ጋር ተገናኘ፤ አጎትየው፣ ጥጥ ካባ የለበሱ ቀጭን ሽማግሌ፣ እጃቸውን ደረታቸው ላይ ገጥመው ሰላምታ ሰጡ። ዩኑስ እያስተረጎመ አጎትየው ከቤት ቤት መሯቸው። ይህ የሃያኛው አባት፣ የሻይ ነጋዴው ቤት ነው። ይህ የበር መድረክ በእግር ብዛት የጎደጎደ ነው። ከአንድ ታላቅ አዳራሽ ሲደርሱ አጎትየው በሩን በቀስታ ዘጉት።

«እዚህ የሙታን ስም የተቀረጸበት እንጨት አለ። ስለ እንግዶቻችን እምነት ስንል አንገባም።»

«ሱብሐነላህ!» አሉ ሸህ አብዱረሂም። «አደብ ይሏል ይህ ነው።»

ከዚያም አጎትየው ጠረጴዛ ላይ የቆየ መጽሐፍ ዘርግተው ቆጠሩ። በሰባት አላቆሙም። ሃያ ስድስት ስም ከነቤቱ፣ ከነመቃብሩ፤ የየሰዉን ታሪክ ግን ለኋላ አቆዩት። ጋሼ ከሊፋ ከአሥረኛው ስም በኋላ መስማታቸውን ትተው ምንጣፉን ያዩ ነበር። አጎትየው ብሩሽ በቀለም ነክረው ቀና አሉ።

«ሙሽሪት በልጃችን ስም ጎን ከነአባቶቿ ትጻፋለች። ክቡርነትዎ በሰባት ስለ ለኩን፣ በዚያው ልክ ይንገሩን፤ እንጻፍ።»

«ከሊፋ» አሉ ጋሼ ከሊፋ። «ሰይድ። ይመር።»

ከሦስተኛው ስም አላለፉም። ብሩሹ በአየር ላይ ጠበቀ። የኸውላ እናት ወይዘሮ ሞሚና ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳቡ።

«ኔትወርኩ ተበላሸ» አሉ ጋሼ ከሊፋ፤ ተነሥተውም በገዛ እጃቸው ቴሌቪዥኑን አጠፉት። ምስሉ ግን እንደ መስታወት የጠራ ነበር። ሁሉም አይተዋል።

በማግስቱ መልሳቸው ወጣ። ለሙታን ከሚሰግድ ቤት ጋር አልጋባም አሉ።

«በሩን ዘግተውልን አለፉ እኮ!» አሉ ሸህ አብዱረሂም።

«ተናግሬያለሁ።»

ኸውላ እናቷን ይዛ አስጨነቀች። ወይዘሮ ሞሚና በመጨረሻ እውነቱን አወጡ። ይመር የሚባሉት ቅድመ አያት በድርቅ ዘመን በገበያ ዳር የተገኙ ሕፃን ነበሩ፤ ነጋዴ አንሥቶ አሳደጋቸው። አባታቸው አይታወቅም። ባላባትነቱ ሁሉ አሜሪካ ከተገባ በኋላ የተሠራ ነው።

«ወላሂ በይ» አሉ እናት። «ለልጁ ብትነግሪው ለሸሁ ይነግራል፤ ለሸሁ ከተነገረ አባትሽ ሰው ፊት አይቆምም።»

ኸውላ ማለች።

ዩኑስ ዓመት ጠበቀ። ሁለት ጊዜ ሽማግሌ ላከ፤ ሁለት ጊዜም ተመለሰበት። በ2022 ግንቦት ተመርቆ ቪዛው ሊያበቃ ሲል ኢስተን የገበያ ማዕከል ተገናኙ። በዙሪያቸው ሰው ሁሉ ያለ ማስክ ይስቅ ነበር።

«ፊቴ ነው፣ አይደል?» አላት።

«አይደለም።»

«ያኔ በሰልፉ ላይ ያየሁት ነው። አባትሽ በጨዋ ቋንቋ አሉት እንጂ።»

«ዩኑስ፣ እሱ አይደለም። እምልልሃለሁ።»

«ታዲያ ምንድን ነው?»

ከንፈሯ ተከፈተ። ማላ ነበር። እርሱም ያን ዝምታ በገባው መንገድ ተረጎመው።

«አጎቴ ከስሜ ጎን ያለውን ቦታ ባዶ ትቶታል» አለ ሲነሣ። «አንድ ቃል ብትነግሪኝ እንዲጠብቅ እለምነው ነበር።»

አልነገረችውም።

በኅዳር ከቻይና ፖስታ መጣ። ከመለያየታቸው በፊት የመጽሐፉን ትርጉም እሰጥሻለሁ ብሏት ነበርና ቃሉን አከበረ። ኸውላ ቅዳሜ ጠዋት፣ ግሮሰሪው ሳይከፈት፣ ቆማ አነበበችው። ከዚያም አሥራ ሁለተኛውን ገጽ ይዛ አባቷ ፊት አስቀመጠች።

ጋሼ ከሊፋ መነጽራቸውን አድርገው በዝግታ አነበቡ፦ «አሥራ ሁለተኛው አባት በጎርፍ ዘመን ከድልድይ ሥር የተገኘ ሕፃን ነበር። አባቱ አይታወቅም፤ አሥራ አንደኛው አባት አንሥቶ አሳደገው። ትልቁን ቤት የሠራው እርሱ ነው። ልጆቹ ይህን እንዳይደብቁ አዝዟል።»

ደጋግመው አነበቡት።

«ይህን ያኔ ለምን አልነገሩኝም?»

«ሊነግሩዎት ይችሉ ነበር፣ አባዬ። ቴሌቪዥኑን አጠፉት።»

ሽማግሌው ልጃቸውን አዩዋት፤ ሁሉን እንደምታውቅም ከፊቷ አነበቡ።

«ደውይለት» አሉ። «እኔው ልንገረው። የይመር አባት አይታወቅም ብዬ በአንደበቴ እነግረዋለሁ። ሸሁም ይስማ፣ ከተማውም ይስማ። ደውይ፣ ልጄ።»

ኸውላ የመጨረሻውን ገጽ አወጣችና ከፊተኛው አጠገብ አኖረችው። ከዩአን ስም ጎን የአንዲት የዚያው አገር ሙስሊም አስተማሪ ስም ከነአባቶቿ ተጽፏል፤ የጋብቻው ቀንም ያለፈው ወር ነበር።

ጋሼ ከሊፋ እስከ መጨረሻው መስመር አነበቡት። ከዚያም ወረቀቱ ይለወጥ ይመስል እንደገና ከላይ ጀመሩ። ኸውላ ቁልፉን አንሥታ በሩን ልትከፍት ሄደች፤ ደንበኞች ውጭ ቆመው ነበር።