የመምህርቷ መኪና ለምን ትፈላለች?

በዚያ ሳምንት ከመምህርቷ መኪና ይልቅ የፈላችው የመለዋወጫ ሻጯ ነበረች። ልዩነቱ መኪናዋ ስትፈላ እንፋሎት ትተፋለች፤ ሻጯ ግን ከባንኮኒው ጀርባ ቆማ «ምን ልስጥህ?» ትላለች።

ሱቁ የአጎቷ ነው። ከጋራዡ የሚለየው አንድ መንገድ ብቻ ስለሆነ፣ ጋራዡ ደጃፍ የሚደረገው ሁሉ ከባንኮኒው ይታያል። እሷም ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ሰው ስታይ ኖራለች፤ ሁሉም «ሐኪሙ» የሚለውን መካኒክ። ሐኪሙ የተባለው ረጅም ካቻቢቴ ሞተር ላይ አስደግፎ፣ እጀታውን ጆሮው ላይ ለጥፎ የውስጡን ድምፅ ስለሚያዳምጥ ነው። የብረት በሽታ በጆሮው የሚያውቅ ሰው፣ የእሷን ሕመም ግን አንድ ቀን ጠርጥሮ አያውቅም። እቃውን ይቀበላል፣ «እግዜር ይስጥልኝ» ይላል፣ ይሄዳል።

መምህርቷ የመጣችው ሰኞ ዕለት ነው። ወጣት፣ ረጅም፣ ሳቂታ፤ አንገቷ ላይ ቀይ ሻርፕ ጣል ያደረገች። መኪናዋ ደግሞ ከእሷ በፊት ሦስት ባለቤት የቀያየረች አሮጌ ነጭ መኪና። የራዲያተሩ ማራገቢያ ተቃጥሎ ነበርና ሐኪሙ አዲስ እንዲመጣለት ከማዶ ተጣራ። አጎቷ ወገቡን ስላመመው ሻጯ ራሷ ይዛ መንገዱን ተሻገረች፤ እስኪገጥመውም ድረስ አጠገቡ ቆማ ጠበቀች። ማራገቢያው ዞረ። መምህርቷ አመስግና ሄደች።

ማክሰኞ መኪናዋ ፈልታ ተመለሰች።

«የሙቀት መቆጣጠሪያ፣ ቴርሞስታት አለ?» አለ ሐኪሙ ባንኮኒው ላይ ተደግፎ።

«ለማን?»

«ለመምህርቷ።»

«ትናንት አልጨረስክላትም እንዴ?»

«ሌላ በሽታ አለባት መሰለኝ።»

«ለእሷ ነው ለመኪናዋ?»

ሐኪሙ አልገባውም። ከጋዜጣው ቀና ያላለው አጎቷ ግን ገብቶት ነበርና ጉሮሮውን ጠረገ።

ረቡዕ የውሃ ቱቦ ተቀየረ። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ነው፤ መኪናዋ ያው ፈላች። ሻጯን ያቃጠላት ግን ቱቦው አይደለም። ሐኪሙ ሴት ደንበኛ ከሆነች የአሥራ ስምንት ዓመቷንም «እርስዎ» ነው የሚላት። ያን ቀን ጠዋት መንገዱን ተሻግሮ የመጣው ድምፁ ግን «አንቺ፣ እስኪ ነዳጅ ስጪያት!» የሚል ነበር። በሁለት ቀን «አንቺ»! ከዚያ የመምህርቷ ሳቅ ተከተለ። ሻጯ ለአንድ ሾፌር የዘይት ማጣሪያ ስትሰጥ የአየር ማጣሪያ አስታቅፋው ላከችው።

«ልጄ፣» አለ አጎቷ፣ «ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ።»

«ምን አልኩ?»

«ምንም። ምንም አለማለትሽ ነው ያሳሰበኝ።»

ሐሙስ ሐኪሙ መጣና «የራዲያተር ክዳን ስጪኝ፤ የድሮው ስፕሪንጉ ደክሟል» አለ።

ክዳኖቹ ከጀርባዋ መደርደሪያው ላይ ነበሩ። ዘወር ብላ እንኳ አላየቻቸውም።

«የለም» አለች።

አጎቷ ጋዜጣውን አወረደ። ሐኪሙ ከትከሻዋ በላይ አሻግሮ አየና «እሺ» ብሎ ወጣ። የሚያስቅም የሚያስለቅስም ነገር የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። መምህርቷ «ሌላ ሰፈር እንፈልጋ!» አለችው፤ ሐኪሙ ከጎኗ ገብቶ ተቀመጠ፤ ነጯ መኪና ሁለቱን ይዛ ሄደች። ሻጯ በገዛ አፏ ጎን ለጎን አስቀመጠቻቸው።

የተመለሱት ከሰዓት በኋላ ነው፤ መኪናዋ በገመድ ተጎትታ። ሐኪሙ ሲወርድ ክንዱ በቀዩ ሻርፕ ተጠቅልሏል። መንገድ ተዘጋግቶ ሲቆሙ መኪናዋ ፈላች፤ ኮፈኑን ከፍቶ ሲያጎነብስ የደከመው ክዳን ተፈናጥሮ እንፋሎቱ ክንዱ ላይ ተለቀቀ። ሻጯ ያን ሌሊት እንቅልፍ ያጣችው በአንድ ነገር ነው፦ መጀመሪያ ያመማት ሻርፑ ነበር፤ ቃጠሎው ትዝ ያላት ቆይቶ ነው። በራሷ አፈረች።

አርብ ጠዋት ክዳኑን ይዛ ተሻገረች። መምህርቷ ደጃፉ ላይ ቆማለች፤ የጋራዡ ጎማ ጠጋኝም ጉዱን ለማየት ስራውን ትቶ መጥቷል። ሐኪሙ በአንድ እጁ ሞተሩን ይነካካል።

«ነበረኝ» አለች። «ትናንት ዋሽቼህ ነው። እጅህን ያቃጠልኩህ እኔ ነኝ።»

ሐኪሙ ቀና አለ። «ለምን ዋሸሽ?»

እውነቱን ብትናገር በጠጋኙ ፊት መሳቂያ መሆኗ ነው። ባትናገር ደግሞ ሌላዋ ትወስደዋለች። ሊመጣላት የቻለው አንድ ሐሳብ ብቻ ነበር፤ ይቺ መኪና ትዳንና ትሂድልኝ። ወደ መምህርቷ ዞረች።

«መቼ መቼ ነው የምትፈላብሽ?»

«ትምህርት ቤቱ በር ላይ፣ መኪና ሲጨናነቅ። ሰፊው መንገድ ላይ ስሮጥ ግን ምንም አትሆን።»

«ስትሮጥ ነፋሱ ያበርዳታል። ስትቆም የሚያበርዳት ማራገቢያው ብቻ ነው።»

«ማራገቢያው ይዞራል» አለ ሐኪሙ፤ ትንሽ ተነክቷል። «አሥር ጊዜ አይቼዋለሁ።»

«መዞሩንማ እኔም አያለሁ። ክዳኑን ግጠሙና አስነሷት እስኪ።»

መኪናዋ ተነሳች። ሞቅ ስትል ማራገቢያው አጓራ። ሻጯ ከደረሰኝ ጥራዟ አንድ ቅጠል ገንጥላ ከራዲያተሩ ፊት ለፊት ያዘችው። ማራገቢያው ከኋላ ሆኖ አየሩን ወደ ውስጥ መሳብ ነበረበት፤ ወረቀቱም ራዲያተሩ ላይ መለጠፍ ነበረበት። ለቀቀችው። ወረቀቱ ወደ ፊት በረረና ጎማ ጠጋኙ እግር ስር ወደቀ።

«በግልባጭ ነው የሚዞረው» አለች ቀስ ብላ። «ቀዩና ጥቁሩ የኤሌክትሪክ ገመድ ተለዋውጠዋል።»

ጠጋኙ በሳቅ ፈረሰ። «አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ! ቴርሞስታቱም ቱቦውም ያለ ኃጢአታቸው ተነቀሉ! ለመሆኑ ማነው የገጠመው?»

የገጠመው ሐኪሙ ነበር። ሁሉም ያውቃል። ፊቱ በርበሬ መሰለ።

«አንተ፣» አለች መምህርቷ፣ «ቀይና ጥቁር እንዴት ይምታታብሃል?»

«አጠገቤ ቆማ ነበራ» አለ።

«ማን?»

«እሷ።» በጤነኛ እጁ ሻጯን አመለከተ። «ሁለት ዓመት ከባንኮኒ ማዶ ነው የማውቃት። ሰኞ ዕለት መጣችና ትከሻዋ ትከሻዬን ነካው። ከዚያ በኋላ ቀዩን የት እንደከተትኩት እግዜር ይወቅ።»

ሻጯን ግን ቅናት በቀላሉ አልለቀቃትም።

«ታዲያ እሷን ምን በሁለት ቀን አንቺ አሰኘህ?»

«እኔ ነኝ እንጂ!» አለች መምህርቷ። «እርስዎ ሲለኝ ያስረጀኛል ብዬ በግድ አስተውኩት። ደግሞ ትናንት መንገዱን ሙሉ ምን ሲል እንደዋለ ልንገርሽ? ‹መደርደሪያው ላይ አሥራ ሁለት ክዳን አለ፤ ቆጠርኳቸው። ምን አድርጌያት ነው?› ሌላ ወሬ የለውም። ጆሮዬን አደነቆረው።»

ሻጯ ወደ ሐኪሙ ዞረች። «አይተህ ነበር?»

«አይቼ ነበር።»

«ታዲያ ለምን እሺ ብለህ ሄድክ?»

«ፈራሁ» አለ። «ብጠይቅሽ ወይ ‹ጠላሁህ› ትይኛለሽ፣ ወይ... ሌላውን ትይኛለሽ። የሚብሰኝ የቱ እንደሆነ አላወቅኩም።»

«ሌላውን ነው» አለች ሻጯ። ጠጋኙ መስማቱ አላሳሰባትም። «ሁለት ዓመቴ ነው። ቅናት ሊገድለኝ ነበር።»

ሐኪሙ ለመጀመሪያ ጊዜ «እግዜር ይስጥልኝ» ማለት ጠፋው። አያት፤ እሷም አየችው። ከዚያ ሞተሩ ጠፋ፣ ባትሪው ተነቀለ፣ ሁለቱ ወደ ኮፈኑ ጎነበሱ። እሱ አንድ እጁ ታሟልና እሷ ገመዶቹን ያዘች፣ እሱ አሰረ። ግማሽ ሰዓት ሞተሩን ሲያሠሩት የሙቀት መለኪያው ቀስት መሐል ላይ እንደቆመ ቀረ። መምህርቷ ሁለቱን ሳመችና፣ ጥሩምባዋን እየነፋች ወደ ትምህርት ቤቷ ከነፈች።

የመለዋወጫ ሻጯ ግን ወደ ሱቋ አልተመለሰችም። ለሐኪሙ ክንድ ቅባት እየቀባችለት ሳለ አጎቷ ከመንገዱ ማዶ ተጣራ።

«ልጄ! ደንበኛ መጥቷል!»

«ይጠብቅ!» አለች፣ ሳትዞር።