የአድራሻ ግጭት

ጉልላት ኮምፒውተሩን ወደ እሷ አዞረው። «ይህ ምንድን ነው?»

ማስጠንቀቂያ ነበር። የአይፒ አድራሻ ግጭት።

ማርያማዊት ፊቷን አልለወጠችም። በዚህ የሶዶ ዝንጅብል ነጋዴ ቢሮ የኔትወርክ ባለሙያ ናት። ስሟም ሙያዋም ሽፋን ነው። ጉልላት ከዝንጅብሉ ጆንያ ሥር ጠመንጃ ይጭናል፤ እሷ ኮርኒሱ ውስጥ የደበቀችው ትንሽ ሣጥን ኢሜይሉን ይቀዳል።

«ሁለት ዕቃ አንድ ቁጥር ሲይዝ ይጋጫል፣ ጋሼ። ሌላውን ልፈልገው።»

ለሣጥኑ የሰጠችው ቁጥር ራውተሩ በራሱ ለቢሮው ኮምፒውተሮች ከሚያድላቸው ቁጥሮች ውጭ ነበር፤ ከማንም ጋር እንዳይጋጭ። ከእሷ ሌላ የሚያውቀው የስለላ አለቃዋ ብቻ ነው። «ዳሞት» ይሉታል።

ከመጋዘኑ ጀርባ ሆና ለዳሞት ደወለች።

«ቁጥሩን ለማን ሰጡት?»

«ለገበየው። ጠዋት በጉልላት ኮምፒውተር ላይ እንዲሞላው አዘዝኩት። ካንቺ የመጣ ትእዛዝ ነው አልኩት።»

ገበየው የሂሳብ ሠራተኛው ነው። ሣጥኑን ስትሰቅል በር የጠበቀላት እሱ ነበር።

«የእኛ ሰው እኮ ነው።»

«ጉልላት ሰላይ ጠርጥሮ ጠመንጃ የጫኑትን መኪናዎች አግቷል። ሰላይ ካልያዘ አይለቃቸውም፤ ካልለቀቃቸው መንገድ ላይ አንይዛቸውም። ገበየውን አሳልፈሽ ስጪው።»

«ልጆች አሉት።»

«ጠመንጃው የሚገድላቸውም አሏቸው።»

ስልኩ ተዘጋ።

ተመልሳ ሣጥኑን ከኮርኒሱ አውርዳ ጉልላት ጠረጴዛ ላይ አኖረችው። «ኢሜይልዎን ሲቀዳ የነበረው ይህ ነው፤ ቁጥሩን ኮምፒውተርዎ ላይ የሞላ ሰው አለ። ዛሬ ማን ነካው?»

ጉልላት ወደ ሂሳብ ክፍሉ በር ዞረ።

«ገበየው።»

አስጠሩት። ሣጥኑን አየ። እሷን አየ።

እሷን ለማጋለጥ አንድ ቃል ይበቃው ነበር።

«እኔ ነኝ» አለ። «ብቻዬን ነኝ።»

ሁለት ሰዎች ወደ መጋዘኑ ጎተቱት። ጉልላት ስልኩን አነሳ። «መኪናዎቹ ይውጡ» አለ። ከዚያ ወደ እሷ ዞሮ «አንቺ፣ ይህን ግጭት አስተካክዪልኝ» አላት።

ተቀመጠች። ከግድግዳው ማዶ ገበየው ይጮኻል። የተሞላውን ቁጥር አጠፋች፤ ራውተሩ ሌላ እንዲሰጠው አደረገች። አንድ ቁልፍ እንኳ አልሳተችም። ያስጠላት ይኸው ነው።

ማስጠንቀቂያው ጠፋ። ጩኸቱም ቆመ።

መኪናዎቹ ቦዲቲ ከተማ ሳይደርሱ ተያዙ። ፖሊስ ጉልላትን ቢሮው ውስጥ ያዘው፤ ገበየውን መጋዘኑ ውስጥ ጆንያ ተሸፍኖ አገኘው። ሰውነቱ ቀዝቅዟል።

እሷ ግን ወደ ቤሌ ከተማ በሚሄድ አውቶቡስ ላይ ነበረች። ሲም ካርዷን ሰብራ በመስኮት ጣለች። አጠገቧ የተቀመጡት እናት የተጠበሰ በቆሎ ቆርሰው ሰጧት።

«ስምሽ ማነው፣ ልጄ?»

«ፋንታዬ» አለች። በቆሎውን ተቀብላ በላች።