የጠራው ብልቃጥ

ዶክተሯ የተገኘችው በቤተ ሙከራዋ ወለል ላይ፣ እጅጌዋ ተሰብስቦ፣ መርፌና ባዶ ሊሆን የተቃረበ ብልቃጥ አጠገቧ ወድቆ ነበር። ኢንስፔክተሩ ሲደርስ የምትሠራውን መድኃኒት በራሷ ላይ ሞክራ፣ ስትወድቅ ጭንቅላቷ ከጠረጴዛው ጠርዝ ጋር ተጋጭቶ እንደሞተች ተነገረው። ነገሩ አልተዋጠለትም።

ምክትሏ ሥራቸውን አስረዳው። የሚደክሙት በዘር የሚወረስ የጉበት ሕመም ላለባቸው ልጆች ነው። ጤነኛውን ዲኤንኤ ሌሎች በቫይረስ ጭነው ያስገቡታል፤ እነሱ በዓይን በማይታዩ የስብ ጠብታዎች። ባዶው ስብ እንደ ውኃ የጠራ ነው፤ ዲኤንኤው ሲጫንበት ይደፈርሳል። ነገር ግን መድኃኒቱ የተሞከረባቸው አይጦች ጉበት ስለቆሰለ ዶክተሯ ሙከራው ይቁም ብላ ነበር።

ባለቤቷ በራሷ ላይ ሞከረች መባሉን አላመነም። «እሷ ደረጃ ስትወርድ እንኳ የምትጠነቀቅ ሴት ናት» አለ። ታላቅ ወንድሟ ግን ለሥራዋ ነፍሷን እንደምትሰጥ ተናገረ። እናት የሌላት አንዲት ልጁ የዚያው ሕመም ተጠቂ ናት።

አስከሬኑ ከተመረመረ በኋላ ኢንስፔክተሩ ሦስቱን ሰበሰባቸው።

«መርፌ የተወጋችው ከሞተች በኋላ ነው፤ የተወጋው ቦታ ደም አልቋጠረም» አለ። «ብልቃጡ ውስጥ የቀረው ደግሞ የጠራ ነው፤ ባዶ ስብ። በመድኃኒቱ ወደቀች ለማሰኘት የፈለገ ሰው ለምን መድኃኒቱን አልወጋትም?»

ጥያቄውን ራሱ መለሰው።

«ለመድኃኒቱ ስለሳሳለት ነው። የደፈረሰው ብልቃጥ ከማቀዝቀዣው ጠፍቷል። ምክትሏ ሌላ መሥራት ይችላል፤ ባለቤቷ የሚያድንበት ሰው የለውም።» ወደ ወንድምየው ዞረ፤ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ጋሼ፣ ልጅቷን ወግተዋታል?»

ሰውየው ከደረት ኪሱ ብልቃጥ አወጣ። መድኃኒቱን ለልጁ እንድትሰጠው ለምኗት እምቢ ስትለው ገፍትሯት እንደነበር፣ ትሞታለች ብሎ እንዳላሰበ እየተቆራረጠ ተናገረ። «ዛሬ ጠዋት ልወጋት ነበር። እጄ እምቢ አለኝ።»

ምክትሏ ብልቃጡን ወደ ብርሃን አነሣው። ስቡ እንደ አይብ ተቋጥሮ ታች ተቀምጧል። «ሙቀት አይችልም» አለ ቀስ ብሎ። «ቢወጓት ኖሮ የሳንባዋን የደም ሥር ይደፍነው ነበር።»

አንድ ፖሊስ ይዞት ሊወጣ ሲል ወንድምየው በሩ ላይ ቆመ። ልጅቷ አሁን ከትምህርት ቤት እንደምትወጣ፣ የሚቀበላት እንደሌለ ለማንም ሳይሆን ለወለሉ ተናገረ።

 የሟቿ ባል የመኪናውን ቁልፍ አነሣ።

«እኔ እቀበላታለሁ» አለ። «ምን ብዬ እንደምነግራት ግን አንተ ንገረኝ።»