ትንሿ ቢጫ ጀሪካን

ልጆች፣ እግራችሁን ዘርጉና ደገፍ በሉ። የዛሬው ተረት መንገዱ ዳገት ነው፤ ገና ሳልጀምረው እኔንም ደከመኝ።

ከአንዲት ከተማ በላይ አንድ ትልቅ ተራራ ነበር። ተራራው ጫፍ ላይ አምባ ወይራ የሚባል በጣም ያረጀ ገዳም ነበር።

እዚያ ላይ ነፋስ እንጂ ውሃ የለም። ስለዚህ ወደ ገዳሙ የሚወጣ ሰው ሁሉ ውሃ ይዞ ይወጣል።

የውዳሴ አያትም በየዓመቱ ውሃ ይዘው ይወጡ ነበር። ዘንድሮ ግን ጉልበታቸው እምቢ አለ።

«ውዳሴዬ፣ ይኸው ስድስት ዓመት ሞላሽ» አሏት። «ዘንድሮ የእኔን ውሃ አንቺ አድርሺልኝ።»

አንዲት ትንሽ ቢጫ ጀሪካን አመጡ። እስከ አፏ ድረስ ሞሏትና ክዳኗን ጥብቅ አደረጉ።

ከዚያ ወደ ውዳሴ ጆሮ አስጠግተው ነቀነቋት። ጀሪካኗ ዝም አለች።

«ሰማሽ? ሙሉ ስትሆን ዝም ትላለች» አሉ አያቷ። «ልክ እንደዚህ ዝም እንዳለች አድርሻት።»

«እሺ፣ አባባ! አደርሳታለሁ!» አለች ውዳሴ።

በማግስቱ ውዳሴና አባቷ ይልቃል በጠዋት ተነሡ። አንድ ባጃጅ አስፋልቱ እስከሚያልቅበት አደረሳቸውና ተመለሰ።

ይልቃል ዳቦ ጋጋሪ ነው። ሳምንቱን ሙሉ ቆሞ ሲጋግር ስለሚውል፣ እግሮቹ ዳገቱን ገና ሲያዩት ደከማቸው።

እሱ ትልቁን ጀሪካን በትከሻው፣ እሷ ትንሿን በእጇ ያዙ። መንገዱንም ተያያዙት።

አንድ እግር… ሌላ እግር… ኡፍ!

አንድ እግር… ሌላ እግር… ኡፍ!

ፀሐይ ወጣች። ጀሪካኗም ከበደች፤ እጀታዋ የውዳሴን ጣቶች ቀይ አደረጋቸው።

«አባቢ፣ ደረስን?»

«ኧረ ገና ነን!»

አንድ የወይራ ዛፍ ሥር ዐረፉ። ይልቃል ዛፉን ተደገፈና ዓይኑን ጨፈነ።

ውዳሴ ወደ ቀኝ አየች። ወደ ግራም አየች።

«ትንሽ ብቻ!» አለች በሹክሹክታ። ክዳኑን ከፈተችና፣ ዥው!

ጀሪካኗ ቀለል አለች። «ማንም አላየኝም» አለች ውዳሴ።

ማንም አላያትም። ግን ስትነሣ ጀሪካኗ ማውራት ጀመረች። ቦጭ! ቦጭ!

«ዝም በይ እንጂ!» አለቻት ውዳሴ። ቦጭ! ቦጭ! ዝም የሚል የለም።

አንድ እግር… ሌላ እግር… ኡፍ!

«አባቢ፣ ደረስን?»

«ኧረ ገና ነን!»

አንድ ቀይ ድንጋይ ጋ ሲደርሱ እንደገና ዐረፉ። ከድንጋዩ ሥር አንዲት ትንሽ ምንጭ አለች፤ ጠብ… ጠብ… ትላለች እንጂ አትፈስም።

ከእሷ ልቅዳ ያለ ሰው ቀኑ ያልቅበታል። ለዚህ ነው ሰው ሁሉ ውሃውን ከከተማ ይዞ የሚመጣው።

አንዲት አሮጊት በዘንጋቸው እየተደገፉ መጡ። እማማ የሺመቤት ይባላሉ። አንድ የፕላስቲክ ጠርሙስ ውሃ እንደ ሕፃን በነጠላቸው አዝለዋል።

«ደከመሽ፣ ልጄ?» አሏት ውዳሴን።

«በጣም» አለች ውዳሴ።

«እኔም ሞቻለሁ» አሉ እማማ የሺመቤት። «አይዞሽ፣ ቀስ እያልን እንደርሳለን።» እያነከሱ አልፈው ሄዱ።

ውዳሴ ወደ ቀኝ አየች። ወደ ግራም አየች።

«ትንሽ ብቻ!» ዥው!

ቦጭ! ቦጭ! አለች ጀሪካኗ። አሁንማ ባሰባት።

አንድ እግር… ሌላ እግር… ኡፍ!

የመጨረሻው መንገድ ከድንጋይ የተጠረበ ደረጃ ነው። ቁመቱ የሚጨረስ አይመስልም። ውዳሴ ቀና ብላ አየችውና እንባዋ መጣ።

አባቷ ወደፊት ቀድሞ ነበር። ወደ ቀኝ አየች። ወደ ግራም አየች።

«ትንሽ ብቻ!» አለች። ግን ዛሬ ስንተኛዋ «ትንሽ ብቻ» ናት? ዥው… ው… ጠብ። አለቀ።

ጀሪካኗ እንደ ላባ ቀለለች። ውዳሴ ግን አልቀለላትም።

በመጨረሻ ገዳሙ በር ደረሱ። ይልቃል ጀሪካኑን አወረደና መሬት ላይ ዘፍ አለ።

በሩ አጠገብ አንድ ትልቅ ጋን አለ። ከጋኑ አጠገብ አባ ዘሚካኤል ቆመዋል። እሳቸው በጣም ያረጁ መነኩሴ ናቸው፤ ወገባቸውን ይዘው ነው የሚቆሙት።

ሰው ሁሉ ተራ በተራ ውሃውን ወደ ጋኑ ይገለብጣል፤ ይልቃልም ገለበጠና ተመልሶ ተቀመጠ። ዥው! ዥው! እማማ የሺመቤትም ጠርሙሳቸውን ፈትተው እስከ መጨረሻዋ ጠብታ አንጠፈጠፉት።

ውዳሴ ጀሪካኗን ከጀርባዋ ደበቀች። ጀሪካኗ ግን ግድግዳውን ነካች።

ኳ! ኳ!

ውዳሴ ክው አለች። ባዶ ጀሪካን ምን ብሎ ይደበቃል!

አባ ዘሚካኤል ግን አልተቆጡም። በጣሳ ከጋኑ ቀዱና ሰጧት። እዚያ ገዳም ደክሞ የመጣ ሰው ሁሉ፣ ከምንም በፊት ውሃ ይጠጣል።

«እንኳን ደህና መጣሽ፣ ልጄ። እንቺ ጠጪ።»

ውዳሴ ጣሳውን በሁለት እጇ ያዘች። በጣም ጠምቷታል። ግን ይህ ውሃ የማን ነው? የእማማ የሺመቤት ነው። የአባቷ ነው። የሰው ሁሉ ነው። የአባባ ውሃ ብቻ እዚህ ውስጥ የለም።

«እኔ አልጠጣም» አለች። «የአባባን ውሃ ደፍቼዋለሁ። ከበደኝና ደፋሁት።»

አባ ዘሚካኤል ቀስ ብለው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ።

«እውነትሽን ነው፣ ይከብዳል» አሉ።

ውዳሴ አፍንጫዋን በእጅጌዋ ጠረገች። «አባ፣ ቀይ ድንጋዩ ሥር ያለችው ምንጭ ሩቅ ናት?»

«ለደከመ እግር ሩቅ ናት» አሉ አባ።

ውዳሴ ጣሳውን መለሰችላቸው። «ስመለስ እጠጣዋለሁ። ያስቀምጡልኝ።»

«ወይ ጣጣዬ!» አለ ይልቃል ከተቀመጠበት። «እንደገና ልንወርድ? እንደገና ልንወጣ?»

«የአባባ ውሃ ነው፣ አባቢ» አለች ውዳሴ። ዓይኗ እንባ ሞልቶታል።

ይልቃል እግሮቹን አየ። ልጁን አየ። «በይ እሺ» አለና ጉልበቱን ይዞ ተነሣ።

ወረዱ። ቀይ ድንጋዩ ጋ ደረሱ። ውዳሴ ተንበርክካ ጀሪካኗን ከምንጯ ሥር ደቀነች።

ጠብ… ጠብ… ጠብ…

አንድ እጇ ሲዝል በሌላው ያዘች። ሌላውም ሲዝል በሁለቱም ያዘች።

ጠብ… ጠብ… ጠብ…

ይልቃልን እንቅልፍ ወሰደው። ኹርርር… ኹርርር…

የድንጋዩ ጥላ ከዚህ ተነሥቶ እዚያ ደረሰ። ይልቃል ብንን አለ። «አሁንስ ይበቃል፣ የእኔ እናት። እንሂድ።»

ውዳሴ ጀሪካኗን ወደ ጆሮዋ አስጠግታ ነቀነቀቻት። ቦጭ! ቦጭ!

«ገና ናት፣ አባቢ» አለች። «እያወራች ነው።»

ጠብ… ጠብ… ጠብ…

ብዙ ጠበቁ። በጣም ብዙ። ውዳሴ እንደገና ነቀነቀቻት። ጀሪካኗ ዝም አለች።

«ሞላች!» አለች ውዳሴ። ለመጮህ እንኳ አቅም አልነበራትም።

አንድ እግር… ሌላ እግር… ኡፍ!

«አምጪ ልያዝልሽ» አለ ይልቃል።

«አይሆንም፤ እኔ ነኝ የማደርሳት» አለች ውዳሴ።

ደረጃው ላይ አንድ ወጥታ ትቀመጣለች፤ አንድ ወጥታ ትቀመጣለች። ጣቶቿ ይቆጠቁጧታል። ክዳኑን ግን አልነካችውም።

አንድ እግር… ሌላ እግር… ኡፍ!

ሲደርሱ አባ ዘሚካኤል እዚያው ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። ጣሳውን ይዘው፣ አቧራ እንዳይገባበት በመዳፋቸው ከድነውታል።

ውዳሴ ጀሪካኗን ወደ ጋኑ ገለበጠች። ዥ…ው!

አባ ዘሚካኤል ጀሪካኗን ከታች በጣታቸው መቱ። ኳ! ኳ!

«አሁን ጠጪ» አሉ።

ውዳሴ ጭልጥ አድርጋ ጠጣች። አገጯ ላይ የወረደውንም በጣቷ ጠርጋ ላሰችው።

ከዚያ ጫማቸውን አውልቀው ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ገቡ። ድሮ ድሮ፣ የአያቶቻችን አያቶች ሳይወለዱ፣ ሰዎች ዐለቱን በመሮ ፈልፍለው የሠሩት ነው።

ውስጡ ቀዝቃዛ ነው። ወለሉ የተቃጠለውን የውዳሴን እግር አቀዘቀዘላት።

ግድግዳው ላይ መላእክት ተሥለዋል። ትልልቅ ዓይን አላቸው፤ ሁሉም ውዳሴን ያያሉ። ውዳሴም ቀና ብላ አየቻቸው።

ሲወርዱ ውዳሴ መራመድ አቃታት። ይልቃል በጀርባው አዘላት።

«ከሁሉም ጀሪካን የከበድሽው አንቺ ነሽ» አላት። ውዳሴ ሳቀች፤ ግን በጣም ስለደከማት ሳቋ አልወጣም።

ቤት ሲደርሱ ፀሐይ እየጠለቀች ነበር። አያቷ በሳፋ ለብ ያለ ውሃ አዘጋጅተው በር ላይ ይጠብቃሉ።

ቢጫዋን ጀሪካን ተቀበሏትና በጣታቸው መቷት። ኳ! ኳ!

«ባዶ ናት! ውሃዬን አደረስሽልኝ ማለት ነው!» አሉ ደስ ብሏቸው።

ውዳሴ ዝም ብትል ማንም አያውቅም። አባቷም ምንም አላለም።

«አባባ…» አለች ውዳሴ። «ሁለት ጊዜ ነው ባዶ የሆነችው። መጀመሪያ መንገድ ላይ ደፋሁት። ከዚያ ተመልሼ ከምንጯ ሞላኋት። ሁለት ጊዜ ወጣሁ።»

አያቷ አቧራ የለበሱትን ትንንሽ እግሮች አዩ።

ከዚያ የሚያማቸውን ጉልበት ይዘው፣ «እህህ» እያሉ በርከክ አሉ። የውዳሴን እግሮች ሳፋው ውስጥ አስገቡ።

«እንግዲህ ሁለት ጊዜ የወጣ እግር» አሉ፣ «ሁለት ጊዜ መታጠብ አለበት።»

አንድ ጊዜ አጠቧት። ሁለተኛም አጠቧት። በየጣቶቿ መሐል ገብተው አሹላት። የውዳሴ ዓይኖች መከደን ጀመሩ።

አያቷ ሳፋውን አንሥተው ውሃውን ወደ ውጭ ሊደፉት ሄዱ።

«አባባ…» አለች ውዳሴ ዓይኗን ሳትገልጥ። «አይድፉት… ለጤና አዳሟ ይስጧት… ውሃ እኮ ከባድ ነው…»

አያቷ እያነከሱ በሩ አጠገብ ወዳለችው ጤና አዳም ሄዱ። ውሃውን ከሥሯ ትንሽ ትንሽ እያሉ አፈሰሱላት።

ሲመለሱ ይልቃል ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ተኝቷል። ኹርርር… ኹርርር…

ውዳሴም አልጋዋ ላይ ተኝታለች። ቢጫዋ ጀሪካን ከራስጌዋ ተቀምጣለች።

አያቷ ጎንበስ አሉና ጆሯቸውን ወደ ውዳሴ አስጠጉ። ውዳሴ ዝም ብላለች።

«ሞልታለች» አሉ በሹክሹክታ። ብርድ ልብሷንም እስከ አገጯ ሳብ አደረጉላት።